እጅህን ሰብስብ

«ሚስቱን መታት፣ አልመታት፣ የቤቱ ጉዳይ ነው! እኛን የሚያገባን እግሩ ነው!»

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ነው። ታላቅ ወንድሟ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ይጮሃል። ድሮም ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅበትም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነገር ግን በሰፈሩ «ሹፌሩ» ብሎ የሚጠራው የለም። የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች «ጥሩምባ» ብለው ሰይመውታል፤ ስሙም ከስታዲየም አልፎ ሰፈር፣ ከሰፈር አልፎ እናቱ አፍ ውስጥ ገብቷል። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ የሚያዘፍነው እሱ ነው። ጎል መግባቱን እንኳ የሚያውቀው ከሰው ፊት ላይ አንብቦ ነው። ሰኞ ሰኞ ድምፁ ተዘግቶ ስለሚውል ተሳፋሪ ሲጠይቀው ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳል።

ውሃው በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቧንቧውን ዘግታ፣ ጆሮዋ ስር የቀረውን ሳሙና በፎጣ ጠርጋ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ሳሎን ወጣች። ምንም እንዳልሰሙ መሆን በዚህ ቤት ሁሉም የተካነበት ሙያ ነው።

ወሬው የፈነዳው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። የቀዮቹ አጥቂ፣ ሰው ሁሉ «ግራው» የሚለው ግራ እግር ተጫዋች፣ ለሰማያዊዎቹ ፈርሟል። በዚህች ከተማ ሰማያዊና ቀይ ማለት ጎረቤትን የሚያኳርፍ፣ ሰርግ ላይ ጠረጴዛ የሚያስለይ ነገር ነው፤ ግራው ደግሞ ከቀዮች ሁሉ የባሰ ቀይ ነበር። ሰማያዊዎቹን ሲያስለቅሳቸው ኖሯል። ጎል ካገባ በኋላ እየሮጠ መጥቶ ጥሩምባ ፊት ይቆምና ሌባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽሽ» ይላል። ጥሩምባ ያን ጣት በህልሙ ሁሉ ያየው ነበር።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የግራው ሚስት አንድ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ፊቷ አባብጦ ታየች። አንዱ አላፊ አግዳሚ ፎቶ አነሳት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ፎቶው ያልደረሰበት ስልክ አልነበረም። ብዙም ሳትቆይ ክሱን አነሳች። ቀዮቹ «ይኸው! ስም ማጥፋት ነበር» አሉ። ሰማያዊዎቹ ግን እንደ ሰማይ ሲሳይ ተቀበሉት። ያን ሰሞን ጥሩምባ አንድ ዘፈን አወጣ። ዘፈን ከተባለ ሁለት ቃል ነው፤ «እጅህን ሰብስብ!» ሁለት ጭብጨባ፣ እንደገና «እጅህን ሰብስብ!» ሁለቱ ቡድኖች በተጋጠሙበት የደርቢ ቀን ግራው ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየሙ እንደ አንድ ሰው ጮኸበት። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ሕፃን የማይስተውን ኳስ ሳተ። ተቀይሮ ሲወጣ ጃኬቱን አናቱ ላይ ጥሎ፣ ተሸፋፍኖ ነው። ጨዋታው አቻ ነበር ያለቀው፤ ሰማያዊዎቹ ግን እንዳሸነፈ ሰው እየጨፈሩ ገቡ።

ያን ቀን እሷም እዚያ ነበረች። ከባሏ ቤት ከመጣች ገና ብዙ አልቆየችም፤ ወንድሟ «ቤት ቁጭ ብለሽ ጣራ ጣራውን ከምታዪ ነይ» ብሎ እየጎተተ ወሰዳት። ኳስ ነፍሷ አይደለም። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር። ግራው ምን እንዳደረገ እንኳ የነገረቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ናት። ከዚያ ሕዝቡ ሲጮህ አብራ ጮኸች። ባሏ ያቺን አንጓ ይዞ ሲጠመዝዛት ያልጮኸችውን፣ ሐኪሙ ሲጠይቃት «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላ የዋጠችውን፣ እናቷ ቤት ሻንጣዋን ስታወርድ አፏ ድረስ መጥቶ የተመለሰውን፣ ሁሉንም እዚያ አወጣችው። ያ ሁሉ የማታውቀው ወንድ የአንገቱ ስር ተገትሮ «እጅህን ሰብስብ!» ሲል ለእሷ የተቆረቆረላት መሰላት። ሲመለሱ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «አንቺም ጥሩምባ ሆንሽ!» ብሎ ወንድሟ ሳቀባት። የዚያን ቀን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ወንድሟ ለምን እንደመጣች ጠይቋት አያውቅም። ዕቃዋን ሊያመጣ ከጓደኛው የጭነት መኪና ለምኖ ሄደ፤ የስፌት ማሽኗን በትከሻው ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጣ፤ መኝታ ቤቱን ለቀቀላትና እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ እግሩ ከሶፋው አልፎ አየር ላይ ነው የሚያድረው። ጥያቄ ግን የለም። ጎረቤት ሲጠይቅ እናታቸው «ትንሽ ተኮራርፈው ነው» ትላለች። ኩርፊያው ዓመት አልፎታል።

ቁርስ ላይ ጥሩምባ አንድ ትልቅ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሰማያዊ ሳቲን ነው፣ ከውስጡ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ዛሬ አስር ሰዓት ስታዲየም ለደጋፊ ያስተዋውቁታል» አለ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። «ባነር ያስፈልገናል። ማተሚያ ቤቶቹ አይደርስልንም አሉ። ደግሞ የታተመ ነገር ነፍስ የለውም፤ ያንቺ ስፌት ሌላ ነው።»

«ምን የሚል?»

«‹እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ።› በነጭ። ፊደሉ ይተልቅልኝ፣ ከማዶ እንዲነበብ።»

እናትየው ፊቷ በራ። ጥሩምባ ጢሙ ባቆጠቆጠ ሰሞን «ቡድኔ ዋንጫ ሳያነሳ አላገባም» ብሎ ምሎ ነበር። ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ዋንጫ ከሩቅ እንኳ አላየም፤ የልጁ ጢም ሸብቷል፣ አናቱም ሳስቷል። እናትየው የተጫዋቾቹን ስም፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ቀይ ካርድ እንዳለበት ከአሰልጣኙ እኩል ነው የምታውቀው። «ይሄ ልጅ ዋንጫውን ያመጣዋል ይላሉ» አለች። «እግሩን ይጠብቅለት። እኔም ሳልሞት ምራት ልይ።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በመዳፏ እየጠረገች፣ ቀና ሳትል፣ «እሁድ ባልሽ ይመጣል» አለቻት። «ወንድምሽ ና ብሎታል። ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል።»

ጥሩምባ ብርጭቆውን አነሳ። ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ጠጣው። «በየቀኑ ነው የሚደውለው» አለ ወደ መስኮቱ እያየ። «መነጋገር ምን ክፋት አለው?»

ሳቲኑን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ አስገባችና ወጣች።

የምትሠራበት መጋረጃ ቤት ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ በቁልፍ ቀራጭና በጥርስ ሐኪም መሃል ተሰንቅሮ ያለ ጠባብ ሱቅ ነው። ፊት ለፊት ባለሱቋ ናሙናዎቿን ደርድራ ትቀመጣለች፤ ለገባው ሁሉ «ይሄንን ፀሐይ አይነካውም» ትላለች፤ የሚነካውንም የማይነካውንም። ከኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የስፌቱ ክፍል ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ማሽን፣ የክር መደርደሪያ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የእንፋሎት ካውያ ይዞ የሚውል አንድ ሸምገል ያለ ሰው። ጨርቅ ተኳሹ ቀይ ነው፤ ቀይ ሲባል እስከ ካልሲው። ደግ ሰውም ነው። እሷ ሥራ የጀመረች ሰሞን ከባዱን ጥቅል ለማንሳት እጇ እምቢ ሲላት አይቶ፣ ምንም ሳይላት፣ በየጠዋቱ ቀድሞ እየገባ ጥቅሎቹን ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጠላት ይጠብቃታል። በግራው ጉዳይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አቋም ነበረው፤ ሴትየዋ ውሸቷን ነው፣ ተከፍሏት ነው፣ ሰማያዊዎቹ ናቸው ያስተማሯት።

ዛሬ ስትገባ ተኳሹ እየዘፈነ ነው። ካውያውን በገፋ ቁጥር እንፋሎቱ እሽ ይላል፣ እሱ ይከተላል፤ «እጅህን ሰብስብ!» ካውያውን አንስቶ ጠረጴዛውን ሁለቴ ይመታል፤ «እጅህን ሰብስብ!»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «ምነው ጋሼ፣ ትናንት ንጹሕ ሰው ነው ሲሉ አልነበር?»

«ትናንትማ የኛ ነበራ!» አለ ተኳሹ፣ በራሱ ቀልድ እየተንከተከተ። «አሁንማ ሚስት ደብዳቢ ነው! እሁድ ለደርቢው ይምጣ ብቻ፣ እንዲህ እያልን ነው የምንቀበለው። ወንድምሽን አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ዘፈኑን ሠርቶ አስቀምጦልናል።» ፊቷን ሲያይ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። «ምነው፣ ምን አልኩ?»

«ምንም» አለችና ማሽኗ ጋ ተቀመጠች።

ጠዋቱን አንዲት ደንበኛ ያዘዘችውን ስትሰፋ አረፈደች። ሴትየዋ ራሷ ለመኝታ ቤቷም ልትጨምር መጥታ ጨርቁን ብርሃን ላይ እያነሳች ስታይ ቆየች፤ በሜትር ውድ ነው ስትል፣ ባለሱቋ ስትቀንስ፣ አሁንም ውድ ነው ስትል፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙን መረጠች። «ከውጭ ምንም እንዳይታይ ነው የምፈልገው» አለች። «ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች ዓይናቸው አያርፍም።» ባለሱቋ «የኔ እመቤት፣ ይሄን ከዘጋሽማ አይታይም፣ አይሰማም!» አለቻት። ሰፊዋ የጨርቁን ጠርዝ እያጠፈች ሰማቻቸው።

ከምሳ በኋላ ሳቲኑን ዘረጋችው። የጠረጴዛው ርዝመት አልበቃው ብሎ በሁለቱም በኩል ተንጠለጠለ። ነጩን ጨርቅ በጠመኔ አሰመረችና ፊደሎቹን መቁረጥ ጀመረች። መቀሱ ከባድ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ያሉት ላይ እጇ ይታዘዛታል፤ «ኳ» ላይ ስትደርስና ማዞር ሲመጣ አንጓዋ ይወጋታል። ቆም እያለች፣ እጇን እያራገፈች ቆረጠች። በመርፌ ቁልፍ አያያዘችና ማሽኑ ላይ አወጣችው። «እንኳን» አለቀ። «ወደ» አለቀ። «ቤትህ» የሚለውን ፊደል በፊደል ሳቲኑ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ እጥፋቱን በመዳፏ ካስተካከለች በኋላ፣ እጇ እዚያው ላይ ቀረ።

የመጣች ቀን ትዝ አላት። ዝናብ ነበር። ደወሉን በግራ እጇ ነው የደወለችው። እናቷ ከፈተች፣ ፋሻውን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ደረጃ ቁልቁል አየች፤ ሰው እንዳለ ለማየት። «ግቢ ግቢ፣ በሩን ዝጊው» ነው ያለቻት። ሾርባ ሠራችላት፣ አልጋ አነጠፈችላት፣ እግሯን ሁሉ አጠበቻት፤ እንኳን መጣሽ የሚል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። አሁን የሰው ፊት ላበላሸ ሰውዬ፣ በሷው እጅ፣ ከማዶ እንዲነበብ ተደርጎ ይሰፋል። አንድ በአንድ የመርፌ ቁልፎቹን ነቀለች። ፊደሎቹን ደራርባ ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ ሳቲኑን አጥፋ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችውና ወደ ደንበኛዋ መጋረጃ ተመለሰች።

ወንድሟ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ሱቁ በር ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። የደንብ ልብሱ ብብቱ ሥር ላብ ሠርቷል፤ ፊቱ ግን የሰርግ ቀን ፊት ነው።

«አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ምን ቀረው? ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው፣ ስጪኝና እዚያው...»

«አልጨርሰውም» አለች።

ማሽኑን አላቆመችም ነበር፤ አሁን እግሯን አነሳች። ክፍሉ ጸጥ ሲል የካውያው እንፋሎት ብቻ ቀረ።

«ምነው፣ እጅሽን አመመሽ?» አለ ጥሩምባ። ስለ እጇ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ራሱ ገብቶት እንደሆነ፣ ጥያቄው ካፉ ከወጣ በኋላ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«እጄ ምን ሆኖ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ደረጃ ላይ... እማዬ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ብላኛለች።»

«ደረጃ ላይ አልወደቅኩም።»

ተኳሹ ካውያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና የሚሠራው ነገር እንዳለው ሁሉ ክር መደርደሪያው ጋ ሄዶ ቆመ።

«ያን ዘፈን ለማን ነበር ያወጣኸው?» አለች።

«ለሱ ነዋ! ለማን...»

«እሱማ ያው ሰውዬ ነው። ማሊያ ነው የቀየረው።»

«አንቺ ደግሞ! ክሱን አንስታለች እኮ። ሴትየዋ ራሷ ካነሳች እኛ ምን...»

«እኔም ለሐኪሙ ደረጃ ነው ብዬዋለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ ራሷንም ገረማት። «ባሌ አልነካኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። ስታዲየም የወሰድከኝ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ፣ ለኔ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነኝ። እሁድ ደግሞ ናልኝ ብለህ ጠርተኸዋል።»

አውቶቡሱ ውስጥ አንዱ ጡሩንባውን ነካው። «ሹፌር! ኧረ በናትህ፣ ሥራ አለን!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ጥሩምባ ወደ በሩ ዞረ፣ ወደ እህቱ ዞረ። አፉን ከፈተ፤ ያ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያዘፍን አፍ አንዲት ቃል አጣ። ፌስታሉን አንስታ ዘረጋችለት። «‹እንኳን ወደ› ድረስ ተሰፍቷል። የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርስልህ።»

አልተቀበላትም። እጁ እንዳይነካው የፈራ ይመስል ወደ ኋላ አለና ወጣ። አውቶቡሱ ማርሹ እየተንቋቋ ሄደ።

ተኳሹ ከመደርደሪያው ጋ እንደቆመ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔ ልጅ... እኔ እንግዲህ ጠዋት ዝም ብዬ ነው የዘፈንኩት።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ነው።»

ተኳሹ የጨረሰችውን መጋረጃ ከፊቷ አነሳና፣ ሠርግ ልብስ እንደሚተኩስ ሰው፣ እጥፋት በእጥፋት፣ ቀስ እያለ ተኮሰው። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ወዲያ አልዘፈነም።

ስትወጣ መንገዱ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃት። መኪናው ባንዲራ እያውለበለበ ይጮሃል፤ ማሊያ ሻጮቹ የግራው ስም ያለበት ሰማያዊ ማሊያ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ኅትመቱ ሳይደርቅ አስፋልት ዳር ዘርግተውታል፤ ቀዩን ደግሞ በግማሽ ዋጋ አጠገቡ ከምረውታል፤ የሚያነሳው የለም። አንድ የምታውቀው የሰፈር ሰው «የጥሩምባ እህት! ዛሬ የኛ ቀን ነው!» አላት። ራሷን ነቀነቀችለትና አለፈች። ደረጃውን ስትወጣ እሁድን ነበር የምታስበው፤ ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ሻይ ቀርቦለት፣ «ያለፈው አለፈ» ሲል፤ እናቷ «እንዲያ ነው እንጂ» ስትል፤ ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ሲወጣ።

እናቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደላድላለች። ግራው በሰማያዊ ማሊያ ከመተላለፊያው እየሮጠ ወጣ፣ ማሊያውን ሳመ፣ ማይክሮፎን ተሰጠውና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልቡ ሰማያዊ እንደነበር ተናገረ። ስታዲየሙ ጮኸ። ጩኸቱ ግን ወጥ አልነበረም፤ አንዱ ጥግ አንድ ዘፈን ይጀምራል፣ ሌላው ጥግ ሌላ፣ መሃል ላይ ይጋጩና ይጠፋሉ። ካሜራው ደጋፊዎቹ መሃል ዞረ፤ ጥሩምባ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ማንም የለም።

«ወንድምሽ የታለ?» አለች እናትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ። «ታሞ ይሆን እንዴ?»

በሩ ላይ ቁልፍ ሲገባ ተሰማ። ጥሩምባ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገባና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አልቋል እንዴ?» አለች እናትየው። «ይኸው እየታየ አይደል?»

«አላለቀም። አጥፊው፣ እማዬ።»

እናትየው ግራ እየገባት አጠፋችው። ከውጭ የመኪኖቹ ጩኸት ገባ። ጥሩምባ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። «ስታዲየም በር ድረስ ሄጄ ነበር» አለ። «ልጆቹ ከበቡኝ፣ ‹ጀምርልን› አሉ። አፌን ስከፍት ያኛው ዘፈን መጣብኝ። ዋጥኩት። እንደገና ስሞክር እንደገና ያው። ‹ሆዴን ቆርጦኛል› ብያቸው መጣሁ።» ከዚያ ወደ እህቱ ቀና አለ። «ያን ሰሞን ማታ ማታ እጅሽን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክሪ አይሽ ነበር። ልጠይቅሽ እልና... ምን ብዬ? ከጠየቅኩሽ አንድ ነገር ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። ዘፈኑ ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ለሱ ነው ያወጣሁት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ስትናደድበት የዋለችው ሰውና ይሄ ፊቷ ያለው ሰው አንድ ሆኖ ሊገጥምላት አልቻለም።

«ባልሽ እሁድ አይመጣም» አለ ጥሩምባ። «ደውዬ ነግሬዋለሁ። በእሷ ጉዳይ እዚህ ቤት የሚያናግርህ ሰው የለም አልኩት።»

«ምን?» እናትየው ተነሳች። «ማንን አማክረህ? ሰው ምን ይላል? ባልና ሚስት ናቸው፣ የቤታቸው ጉዳይ...»

«ንገሪያት» አለ ጥሩምባ እህቱን። «እኔም ልስማው። ከመጀመሪያው።»

ነገረቻቸው። መጀመሪያ አጭር አድርጋ ልትጨርሰው ነበር፤ ግን አንዱ አንዱን እየሳበ መጣ። ሾርባው ቀዝቅዟል ተብሎ የተወረወረውን ሳህን፣ ባለሱቋ ለሥራ ስትፈልጋት ደውላላት ስልኳ ላይ የተገኘውን ጥሪ፣ ከይቅርታ በኋላ የሚመጡትን አበቦች፣ አንጓዋ ከውስጥ ቀጭ ሲል የሰማችውን ድምፅ። ጥሩምባ አንድ ጊዜ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ተቀመጠ። እናትየው ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ስትለቅም ቆየች። ሰፊዋ ስትጨርስ አላለቀሰችም፤ ከባድ ዕቃ ከላይ ተሸክማ ወርዳ መሬት ያስቀመጠች ያህል ትከሻዋ ብቻ ወረደ።

«ሰማያዊዎቹ የተሸነፉ ቀን» አለች እናትየው በድንገት፣ ክሩን መልቀሟን ሳትተው፣ «እናንተን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር የማስተኛችሁ። ትዝ ይላችኋል?»

«ይለኛል እንጂ» አለ ጥሩምባ። ፈገግ አለ። «‹አባታችሁ አዝኗል፣ ድምፅ እንዳታሰሙ› ትይን ነበር።»

«አዎ» አለች። «አዝኗል እላችሁ ነበር።»

ጥሩምባ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየ፤ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ግን ከአፉ ጫፍ ጀምሮ እየረገፈ ሄደ። ወደ ስታዲየም በትከሻው ተሸክሞ የወሰደው፣ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ሻርፕ አንገቱ ላይ ያሰረለት አባቱ ነው። እናቱን አያት፤ እናቱ አላየችውም። ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ተነስታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ያን የማያልቅ ክር የምትለቅመውን እጅ ያዘችው። እጁ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ አረፈ።

«እሁድ ስታዲየም ትሄዳለህ?» አለችው ወንድሟን ቆይታ።

«ቡድኔን የት ጥዬው እሄዳለሁ?» አለ። ድምፁ የሰኞ ድምፅ ሆኗል። «እሄዳለሁ። ግራው ኳስ ሲነካ ግን እኔ አላዘፍንም። ከፈለጉ ሌላ ጥሩምባ ይፈልጉ።»

«ማን አትሂድ አለህ» አለችው።

እናትየው ዓይኗን በመዳፏ ጀርባ ጠረገችና «በሉ ሻይ ላፍላ» ብላ ልትነሳ ስትል ጥሩምባ ቀደማት። «ተቀመጪ። ዛሬ እኔ ነኝ የማፈላው።» ወደ ወጥ ቤት ገባ። በዕድሜው ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ከውሃ ብርጭቆ ሌላ ነገር አንስቶ አያውቅም። ጀበናውን ይሁን ድስቱን እንጃ፣ አንድ የሚንቋቋ ነገር እሳት ላይ ሲጥድ ሰሙት። ከዚያ የመጀመሪያው ቁም ሳጥን ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሁለተኛው ተከፈተ። ቆርቆሮዎች ተንኳኩ። «ይሄ ስኳር የሚባለው ነገር...» ሲል ከራሱ ጋር አጉተመተመ።

ስኳሩ የት እንዳለ እናትና ልጅ ያውቃሉ። ተያዩና ዝም አሉ። ፈልጎ ያግኘው ብለው ቁጭ አሉ።